ሐዋሳ ላይ የተሰፋ ሸሚዝ፦ ጥራቱ፣ ዋጋውና ዋጋውን የሚወስኑት ሰዎች

ይህ ግምገማ ሐዋሳ አረብ ሰፈር ውስጥ ከሚገኝ አንድ ትንሽ የልብስ ሱቅ ስለገዛሁት ነጭ የወንድ ሸሚዝ ነው። ሱቁ በአንድ በኩል ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የወጣ ነው የሚባል አዲስ ልብስ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ሰልባጅ ይሸጣል። ለሸሚዙ 1,600 ብር ከፍያለሁ፤ ደጋግሜ ለብሼዋለሁ፣ በእጅም በማሽንም ታጥቧል፣ በካውያም ተተኩሷል። በከተማችን ገበያ በዚህ ዋጋ ከሚገኙት አዳዲስ ሸሚዞች መካከል የተሻለ አላየሁም፤ ስለዚህ ሸሚዝ የሚያስፈልገው ሰው ይግዛው እላለሁ። ሆኖም ይህ ሸሚዝ እንዴት ተሰፍቶ፣ ለማን ታስቦ፣ በማን ውሳኔ እዚህ መደርደሪያ ላይ ሊገኝ እንደቻለ ሳይነገር፣ ዋጋው ተገቢ ነው ወይም አይደለም ብሎ መፍረድ አይቻልምና ግምገማዬ ከሱቁ ደጃፍ አልፎ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳል።

በቅድሚያ ስለ ስፌቱ። ሸሚዝ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ኮሌታውን ነው። የዚህ ሸሚዝ ኮሌታ ሁለቱ ጫፎች እኩል ናቸው፤ በውስጡ የገባው ማጠንከሪያ ጨርቅ ከብዙ እጥበት በኋላም አልተኮማተረም፣ አየር ይዞም አላበጠም። የጎን ስፌቱ በውስጥ በኩል ታጥፎ ስለተዘጋ የሚተረተር ጠርዝ የለውም። የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ዙሪያቸውን ጥቅጥቅ ባለ ክር የተሰፉ ናቸው፤ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ጎትቼ ፈትሻቸዋለሁ፣ የላላ አላገኘሁም። የደረት ኪሱ የላይኛው ሁለት ማዕዘኖች በትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ስፌት ተጠናክረዋል፤ እስክሪብቶና ስልክ ኪሱ ውስጥ ለሚከት ሰው ይህ ትንሽ ስፌት የሸሚዙን ዕድሜ የሚወስን ነው። በታችኛው ጫፍ በውስጥ በኩል አንድ መለዋወጫ ቁልፍ ተሰፍቶበታል። ጨርቁ ላብ ይመጥጣል፤ የሐይቁ ወበቅ በሚከብድበት ከሰዓት በኋላ እንኳ ገላ ላይ አይለጠፍም።

አንገቱ ውስጥ የነበረው የምርት ስም በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው ሁለት ጎን ያለው የጨርቅ ቁራጭና ጥቂት ክር ብቻ ነው። በጎን ስፌቱ ውስጥ የገባችው የእጥበት መመሪያ ግን አልተነካችም። መቶ በመቶ ጥጥ መሆኑን፣ በምን ያህል ሙቀት እንደሚታጠብና በኢትዮጵያ የተሠራ መሆኑን በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በስፓኒሽ ትገልጻለች። አማርኛም ሆነ ሲዳምኛ የለባትም፤ ሸሚዙ ሲሰፋ እዚህ ይለበሳል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ይህ በልኩም ይታወቃል፦ እጅጌው ለእኛ አገር ሰው ይረዝማል፣ ወገቡም ይሰፋል። እኔ እጅጌውን በሰፈር ልብስ ሰፊ ማሳጠር ነበረብኝ፤ ገዢ ይህን ወጪ ከወዲሁ ቢያስብበት ይበጃል።

ሱቁን የያዘችው ወጣት ሸሚዙን ስዘረጋ እያየች ቆይታ፣ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ሌላውን ይተዉት፣ ይሄን ይዩ። ኮሌታ ላይ ነበርኩ፤ ይሄ በደንብ የተሠራ ነው» አለችኝ። ፓርኩ ውስጥ በአንዱ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ሆና ሠርታለች። ላይኑ ላይ እያንዳንዱ ሰው አንድ የሸሚዝ ክፍል ብቻ ይሰፋል፤ የእሷ ድርሻ ኮሌታ ነበር። በየሰዓቱ የሚሞላ ታርጌት አለ፤ የተሰፋው ቁጥርም ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። «ስንሞላ ደስ ይለናል፤ ግን በሳምንቱ ታርጌቱን ከፍ ያደርጉታል» አለች። ደሞዙ አራት ሆነው ከሚከራዩት አንድ ክፍል ኪራይና ከምግብ አልፎ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር እንዳልነበረው የነገረችኝ በምሬት አልነበረም፤ አንድን የሥራ ቦታ እንደሚያስረዳ ሰው በረጋ አነጋገር ነበር። ሼዱ (የፋብሪካው አዳራሽ) ሲዘጋ ከሥራ ከወጡት መካከል ነበረች።

የእሷ ታሪክ የብዙዎች ታሪክ መሆኑን የሚያሳይ ጥናት አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጣው ጥናት፣ የኢትዮጵያ የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር እንደነበረና ይህም ልብስ ለዓለም ገበያ ከሚያቀርቡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን አስፍሯል፤ በዚያው ጊዜ የባንግላዴሽ 95 ዶላር ነበር። በአገራችን ሕግ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ወሩን 26 የሥራ ቀን አድርገን ብናሰላ፣ የአንድ ቀን ሥራ 1 ዶላር፣ የአንድ ሰዓት ሥራ 12 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። አንድ ሸሚዝ ከመቆረጥ እስከ መታሸግ የአንድ ሰው ሙሉ ሰዓት ይፈጃል ብለን እንያዝ፤ በዚህ መነሻ ደሞዝ ሸሚዙ ውስጥ ያለው የሰፊዎች ድርሻ 12 ሳንቲም ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው።

አሁን ሌላ ቁጥር አጠገቡ እናስቀምጥ። አሜሪካ ከጥጥ በተሠራ እንዲህ ባለ የወንድ ሸሚዝ ላይ የምትጥለው መደበኛ የገቢ ቀረጥ 19.7 በመቶ ነው። ለምሳሌ ጉምሩክ ላይ 8 ዶላር የተገመተ ሸሚዝ ቢሆን ቀረጡ 1 ዶላር ከ58 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ለሰፊዎቹ ከተከፈለው ከ12 እጥፍ ይበልጣል። የሐዋሳ ልጆች አንዲት ሳንቲም ሳይቀበሉ በነፃ ቢሰፉ እንኳ ይህን ልዩነት ማካካስ አይችሉም። ኢትዮጵያ ባለሀብት ስትጠራ በየመድረኩ ያቀረበችው መስህብ ርካሽ ጉልበት ነበር፤ ነገር ግን ሸሚዙ እዚህ ይሰፋ ወይም አይሰፋ የሚለውን ጥያቄ የወሰነው በዋነኛነት የቀረጡ ጉዳይ እንደነበረ ይህ ቀላል ሒሳብ ያሳያል። ይህንን የምለው ሠራተኞቹ ደሞዝ ይጨመርልን ባሉ ቁጥር «ፋብሪካው ጥሎ ይሄዳል» የሚል መልስ ይሰጣቸው ስለነበረ ነው። ደሞዛቸው እጥፍ ቢሆን እንኳ በአንድ ሸሚዝ ላይ የሚጨምረው ሌላ 12 ሳንቲም ተኩል ነበር። ፋብሪካዎቹ ሲሄዱ የሄዱት ደሞዝ ጨምሮባቸው አልነበረም።

አጎዋ ተብሎ የሚታወቀው የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ሲሆን፣ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዓይነት ምርቶችን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ይፈቅዳል። ለአነስተኛ ገቢ አገሮች ደግሞ ጨርቁ ከየትም ቢመጣ ስፌቱ አፍሪካ ውስጥ እስከተከናወነ ድረስ ነፃ እንዲያልፍ የሚያደርግ ልዩ ድንጋጌ አለው። የሐዋሳው ፓርክ የቆመው በዚህ ድንጋጌ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና የኮሌታው ማጠንከሪያ በአብዛኛው ከእስያ ይመጣ ነበር፤ ከማን እንደሚገዛም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ባለ ምርት ስሙ ገዢ ኩባንያ ነው። እዚህ የሚቀረው የስፌቱ ክፍያ ነው። ሕጉ ግን ስምምነት አይደለም፤ አንዱ ወገን ብቻ የሚሰጠውና አንዱ ወገን ብቻ የሚያነሳው ፈቃድ ነው። የአገሮች ብቁነት በየዓመቱ ይገመገማል፤ ውሳኔውም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ነው። ማዳጋስካር ከ2009ኙ የመንግሥት ግልበጣ በኋላ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2010 ጀምሮ ተሰርዛ፣ እስከ 2014 ድረስ ከውጭ ቆይታለች። ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022) ጀምሮ ተሰረዘች።

ለስረዛው የተሰጠው ምክንያት በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸሙ የሰብዓዊ መብት ጥሰቶች ነበሩ። ጦርነቱ ያደረሰው እልቂትና ግፍ እውነት ነው፤ የመንግሥትንም ሆነ የሌሎቹን ተዋጊዎች ኃላፊነት የሚያቃልል ቃል ከእኔ አይወጣም። ቅጣቱ ያረፈበት ሰው ግን ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጦርነቱን ካዘዙት መካከል አንድም ሰው ሐዋሳ ውስጥ ኮሌታ አይሰፋም ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉት የምርት ስሞች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ኩባንያ፣ ፓርኩ ሲታሰብ ጀምሮ ዋነኛ ተጋባዥ የነበረው፣ በጦርነቱ መባባስ ምክንያት የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ሲሆን፣ ስረዛው የተነገረውም በዚያው ወር ነው። ከዚያ በኋላ ሌሎችም ተከትለው ወጥተዋል። አንድ ኩባንያ አደጋ ሲያይ መውጣቱ መብቱ ነው፤ ማሽኑን ጭኖ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ሥራ ያጣችው ሰፊ ግን የምትሄድበት ሌላ ሼድ የላትም። የኃይል ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ በድርድር ጊዜም ሁለቱ ወገኖች ይህንን ያውቃሉ።

ሕንፃው ግን አልሄደም፤ ዕዳውም እንዲሁ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት፣ በቻይናው ሲሲኢሲሲ ተቋራጭነት፣ በዘጠኝ ወር ገደማ ተገንብቶ ነው። 52 ሼዶች አሉት፤ ከማቅለሚያ የሚወጣውን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ አንድ ጠብታ ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ የታሰበ ማጣሪያ ተሠርቶለታል። ይህ ማጣሪያ ለሐይቃችን ትልቅ ነገር መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር የታቀደው። መንግሥት ወደ ፓርኩ ለገቡት ኩባንያዎች ዝግጁ ሼድ፣ ከቀረጥ ነፃ ማሽነሪና የዓመታት የገቢ ግብር እፎይታ ሰጠ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 በ6.625 በመቶ ወለድ ከዓለም ገበያ ከተበደረችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድም ከፊሉ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች ግንባታ ውሏል። በዚህ አሠራር አደጋውን የተሸከመው ማን እንደሆነ ልብ እንበል፦ ገዢው ኩባንያ ትዕዛዙን ማቋረጥ ይችላል፣ አምራቹ ሼዱን ማስረከብ ይችላል፣ ብድሩ ግን በዶላር ከነወለዱ ተመላሽ ነው።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዚህን ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ከዚያም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም በአራት ዓመት የሚሰጥ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህ ውሳኔ የአገሪቱን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለመፍታት አስፈላጊ ነበር ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ የጥቁር ገበያውና የባንኩ ምንዛሪ ልዩነት መጥበቡም እውነት ነው። በዚህ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ግን ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። ጨርቁ ከውጭ የሚመጣ ሸሚዝ በብር ሲለካ ተወደደ፤ የሰፊዋ የብር ደሞዝ በዶላር ሲለካ ደግሞ ረከሰ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ለአንድ ሸሚዝ 1,600 ብር ማውጣት ከባድ የሆነበት፣ የውጭ ገዢ ደግሞ ያንኑ ሸሚዝ ከቀድሞው በረከሰ ጉልበት ማሰፋት የሚችልበት ጊዜ ላይ ነን። ሸሚዙ ውድ ነው ለሚሉ ደንበኞች የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ውድ ያደረገው የባለሱቋ ትርፍ ወይም የሰፊዋ ደሞዝ አይደለም።

ወደ ሱቁ ሌላኛው ግድግዳ ልዙር። ሰልባጁ በቦንዳ መጥቶ፣ ተመርጦ፣ ታጥቦና ተተኩሶ የተሰቀለ ነው። ተመሳሳይ ነጭ ሸሚዝ ከ500 እስከ 700 ብር ይገኛል፤ አንዳንዱም ከአዲሱ የማይተናነስ ስፌት አለው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገራችን ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም በኮንትሮባንድ መግባቱን የማያውቅ የለም፤ የሚገዛውንም ሰው መውቀስ አልችልም፤ የኑሮ ውድነቱ ምርጫ አልሰጠውም። ነገር ግን ሰልባጅ በሰፊው የገባበት አገር የራሱን ልብስ ስፌት ለማቆም እንደሚቸገር የምሥራቅ አፍሪካ ጎረቤቶቻችን ደርሰውበታል፤ ሊያስቆሙት ሲሞክሩ የደረሰባቸውም ነገር ለእኛ ትምህርት የሚሆን ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ልባሽ ጨርቅ በሦስት ዓመት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲቀር ተስማሙ። ሩዋንዳ በኪሎ 20 ሳንቲም የነበረውን ቀረጥ ወደ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አሳደገች። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የልባሽ ጨርቅና መልሶ ጥቅም ነጋዴዎች ማኅበር ለአገሩ የንግድ ተወካይ ቢሮ አቤቱታ አቀረበ፤ የእነዚህ አገሮች ዕርምጃ የአባላቶቻችንን ገበያ ይጎዳልና የአጎዋ ተጠቃሚነታቸው ይመርመር የሚል ነበር። ልብ በሉ፤ አቤት ያለው የአንድ ንግድ ዘርፍ ማኅበር ነው፤ ምርመራው የተከፈተው ግን በሉዓላዊ አገሮች ላይ ነው። ኬንያ ወዲያው ሐሳቧን ቀየረች፤ ብዙ ልብስ ወደ አሜሪካ ስለምትልክ የምታጣው ብዙ ነበርና። ታንዛኒያና ኡጋንዳም ተከተሉ። ሩዋንዳ ብቻ በአቋሟ ጸናች፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2018 መጨረሻ ጀምሮም ልብሶቿ ከቀረጥ ነፃ እንዳይገቡ ታገዱ። ሩዋንዳ መጽናት የቻለችው ወደ አሜሪካ የምትልከው ልብስ ጥቂት ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ፦ በአንድ የውጭ ፈቃድ ላይ የበለጠ የተደገፈ አገር፣ የራሱን ገበያ ሕግ ለማውጣት ያለው ነፃነት በዚያው ልክ ይጠባል። ሐዋሳ ላይ 60 ሺህ ሰው ቀጥረን ቢሆን ኖሮ እኛም ከኬንያ የተለየ ነገር ባላደረግን ነበር።

ስለ ጥጡም በአጭሩ። ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊ የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬዎቹ የሚሰጠው ድጎማ የዓለምን የጥጥ ዋጋ አውርዶ ገበሬዎቻቸውን እያደኸየ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ንግድ ድርጅት አቅርበዋል። በዚሁ ጉዳይ ክስ መሥርታ የረታችው ብራዚል ነበረች፤ ብራዚል የአጸፋ ቀረጥ ለመጣል የሚያስችል አቅምና ፈቃድ ስለነበራት እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው ስምምነት 300 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏታል። አራቱ የአፍሪካ አገሮች ከዚያ ገንዘብ አላገኙም። በእኛም አገር ጥጥ የሚያበቅሉ የአዋሽ ሸለቆና የመተማ መሬቶች እያሉ፣ ሐዋሳ ላይ የሚሰፋው ሸሚዝ ጨርቅ ባሕር ተሻግሮ መምጣቱ ለማንም ገበሬ የሚጠቅም አይደለም። ከጥጡ እስከ ቁልፉ እዚህ የተሠራ ሸሚዝ ቢሆን ኖሮ፣ ገዢው ሲሄድ ቢያንስ ጨርቁ፣ እውቀቱና የአገር ውስጥ ገበያው አብረው አይሄዱም ነበር።

የሱቁን አገልግሎት በተመለከተ የማመሰግንበትም የማዝንበትም ነገር አለኝ። ባለሱቋ እንከን አትደብቅም፤ አንዱን ሰማያዊ ሸሚዝ ሳነሳ፣ ብብቱ ላይ መርፌ የዘለለው ስፌት መኖሩን ራሷ አሳይታ ዋጋ ቀንሳልኛለች፤ ሆኖም አልወሰድኩትም። በጥራት ቁጥጥር የወደቀውን ካለፈው ለይታ ትሰቅላለች፤ ይህ ብዙ ሱቆች የማያደርጉት ነው። ክፍያ በቴሌብርም በጥሬ ገንዘብም ትቀበላለች። በሌላ በኩል ደረሰኝ አልሰጠችኝም፤ ልኩ ባይሆን መቀየር እንጂ ገንዘብ መመለስ የለም፤ መለኪያ ክፍሉ መጋረጃ የተጋረደበት ጠባብ ጥግ ስለሆነ እጅ ዘርግቶ የትከሻውን ልክ ለማየት አይመችም። መብራቱም ቢጫ በመሆኑ ነጩንና ክሬሙን መለየት ያስቸግራል፤ ሸሚዙን ይዞ ወደ በሩ መውጣት የግድ ነው። ደረሰኝ የሌለው ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ዕቃው የሚመጣላት በእጅ በእጅ መሆኑን ነገረችኝ። ጥፋቱን በእሷ ላይ ብቻ አልጥልም፤ ለውጭ ገበያ ተሰፍቶ ትዕዛዙ የተሰረዘበት ልብስ በግልጽ፣ በታወቀ ዋጋና በደረሰኝ ለአገር ውስጥ ሱቆች የሚከፋፈልበት የተደላደለ መንገድ ቢኖር፣ የምርት ስም በመቀስ እየተቆረጠ የሚሸጥበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ለዚህም ነው ግምገማዬን ከሸሚዙ አልፌ ለሚመለከታቸው ሁሉ የማቀርበው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። የግል ዘርፍ ሠራተኞች ያንን የደሞዝ ወለል ለዓመታት ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ በአንድ ሸሚዝ ላይ ሌላ 12 ሳንቲም ተኩል ሲጨመር የሚሸሽ ገዢ ቢኖር፣ ያ ገዢ መጀመሪያውኑ ሊቆይ የመጣ አይደለም። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ፣ የሆስፒታል ጋዋን፣ የፖሊስና የመከላከያ ሸሚዝ በብዛት የሚገዛው መንግሥት ነው፤ ያ ግዢ ሼዶቹን በቋሚነት ሊያሠራ የሚችል፣ ማንም የውጭ ፕሬዚዳንት በፊርማ የማይሰርዘው ገበያ ነው። የውጭውም ገበያ አስፈላጊ ነው፤ ዶላሩን የምናገኘው ከዚያ ነውና። ነገር ግን የአገር ውስጥ ደንበኛ ያለው አምራች ለውጭው ገዢ «በዚህ ዋጋ አልሰፋም» ማለት የሚችልበት ዕድል አለው፤ ያ ዕድል የሌለው አምራች የተሰጠውን ዋጋ ተቀብሎ ልዩነቱን ከሰፊዋ ደሞዝ ላይ ይቆርጣል።

ለመግዛት የምትሄዱ የአንገታችሁን ልክ በኢንች አውቃችሁ ሂዱ፤ ሸሚዞቹ የተለጠፈባቸው ቁጥር በኢንች ነው። ከተለመደው ልካችሁ በአንድ ቁጥር ያነሰውን ብትሞክሩ ትከሻው የበለጠ ይስማማል። ኮሌታውን ዘርግታችሁ ጫፎቹን አስተያዩ፤ ብብቱንና የእጅጌውን መጋጠሚያ ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ በቀን ብርሃን መሄዱም ይመረጣል። ነጩ ከትልልቅ ቁጥሮች በቀር እያለቀ ነው፤ ሰማያዊውና ባለ ቀጭን መስመሩ ግን በሁሉም ልክ አለ።